ስለ ሐይቅ ዳር ዕረፍት፤ ስለ ጨፋም ውሃ

በተማሪዎች መኝታ ቤት በየማታው ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ ስለ ዕረፍት ነው። አንደኛው ወገን፣ «በድኃ አገር ሐይቅ ዳር ተንጋሎ መዋል ነውር ነው፤ ገበሬው ፀሐይ ላይ እየተንቃቃ የተማረ ሰው ጥላ ሥር አይተኛም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ገንዘብ ያለው ቢዝናና ማንን ጎዳ? አትክልተኛውም አስተናጋጁም እንጀራ ያገኛል፤ ምቀኝነታችሁን ተዉት» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ይቆይና መብራት ሲጠፋ ያለ ፍርድ ይበተናል። እኛ ይህን ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ከሁለቱም ወገን ስላልሆንን ነው። በእኛ አስተያየት ዕረፍት ነውር አይደለም፤ ዕረፍት መብት ነው። ነገር ግን ማረፊያው የውሃ ዳር በሆነ ጊዜ ከመዝናናቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ይኸውም፣ ወደ ውሃው የሚወስደው መንገድ ለማን ክፍት ነው? የሚለው ነው።

ጥያቄው ለእኛ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። እኛ ደሴ ተቀምጠን የምንማር የከሚሴ፣ የባቲ፣ የሰንበቴና የጨፋ ሮቢት ልጆች ነን። በዚህ ዘመን የውሃ ዳርን ማስዋብ የአገሩ ሁሉ ሥራ ሆኗል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የወንዞቿን ዳርቻ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ለማልማት ዕቅድ አወጣች። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻም «ገበታ ለሀገር» በተባለው ጥሪ በጣና ሰሜናዊ ዳር ያለችው ጎርጎራ እንድትለማ ከተመረጡት ቦታዎች አንዷ ሆነች። ተራው ዛሬ ባይሆን ነገ ወደ ቦርከና ዳር መምጣቱ አይቀርም። በመጣ ጊዜ የምንለውን ከወዲሁ ካላሰብንበት ሌላው ያሰበልንን ተቀብለን እንቀራለን።

ስለ ነገሩ በሰሚ ሰሚ እንዳንናገር ያየነውን እናስቀድም። ያለፈው ፈተና እንዳለቀ ከመካከላችን የአንዱ አጎት፣ አዲስ አበባ የሚነግዱ የከሚሴ ሰው፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ያለውን የወዳጃቸውን ቤት ለቅዳሜና ለእሑድ አስፈቅደውልን ነበር። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ሐይቆቿ፣ ማለት ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የቦረቦራቸው ጉድጓዶች ውሃ ሲሞላባቸው የተፈጠሩ ናቸው። ስለዚህ ሐይቁ እንደ ድስት ከታች ነው፤ ቤቶቹ በድስቱ አፍ ዙሪያ ተኮልኩለው ቁልቁል ያዩታል።

ሰፈሩ በእውነት ያማረ ነው። ውስጥ ለውስጥ ያለው መንገድ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፏል። አጥሩ በቡገንቪላ አበባ ተሸፍኗል። ሣሩ ከምንጣፍ ይልቅ የተስተካከለ ነው። ጥሩምባ አይሰማም፤ የሚሰማው ወፍ ብቻ ነው። ማታ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን፣ ቡናችንን እንደ አገራችን ልማድ ከአቦል እስከ በረካ እየጠጣን፣ ጨረቃ ውሃው ላይ ስትወጣ አየን። ከመካከላችን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሳይሠራ የዋለ ልጅ ነበር። ይህ ልጅ በሕፃንነቱ ከብት ጠብቋል፤ ከፍ ሲል ማሽላ ማሳ ላይ ማማ ወጥቶ ወፍ በወንጭፍ ሲከላከል ኖሯል፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህም በዕረፍት ወራት ሲሚንቶ ተሸክሟል። በሁለተኛው ቀን ፊቱ ተለውጦ ነበር። ሰው አርፎ ሲነሣ የተሻለ ሰው እንደሚሆን በዓይናችን አይተናል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 42 ሠራተኛ በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜ፣ ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ እንዲኖረው ሲደነግግ ይህንኑ እውነት ማወቁ ነው። እንግዲህ «ዕረፍት የቅንጡዎች ነገር ነው» የሚለው የመጀመሪያው ወገን በዚህ ተረታ። ዕረፍት የቅንጡዎች የሆነው ሌላው ስለማይፈልገው አይደለም፤ ስለማያገኘው ነው።

የሁለተኛው ወገን ክርክር የተረታው ግን እሑድ ጧት ነው። ሐይቁን በእግራችን እንዙረው ብለን ተነሣን። በውሃው ዳር ለዳር ጥቂት እንደ ሄድን የጎረቤቱ የድንጋይ ግንብ እስከ ውሃው ድረስ ወርዶ ቆመብን። ተመልሰን ወደ መንገዱ ወጣን። በመንገዱ በኩል ወደ ፊት ሄደን እንደገና ለመውረድ ሞከርን፤ ግንብና የብረት በር ነው። ከዚያም ሌላ ግንብ፣ ሌላ በር። አንድ ዘበኛ በትሕትና፣ «ወንድሞቼ፣ አትድከሙ፤ በዚህ ወደ ውሃው መውረጃ የለም። ሐይቁን ማየት ከፈለጋችሁ ከማረፊያዎቹ ባንዱ መግቢያ ከፍላችሁ ግቡ» አለን። ሰውየው ጥፋት የለበትም፤ የታዘዘውን ነው የነገረን። ግን ሐይቁን ለመዞር ወጥተን ሐይቁን ያየነው በበር ስንጥቅ ብቻ ሆነ።

ወደ ቤቱ ተመልሰን የግቢውን አትክልተኛ አነጋገርናቸው። በዕድሜ የገፉ፣ በዚያው አካባቢ የተወለዱ ሰው ናቸው። «አባባ፣ እዚህ ስንት ጊዜ ሠሩ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ዐሥራ አንድ ክረምት» አሉ። «ታዲያ ከዚህ ሐይቅ ዋኝተው ያውቃሉ?» ስንላቸው ሣቁ። «ልጅ ሳለሁ ስዋኝ ነው ያደግሁት፤ ከብታችንን የምናጠጣውም በዚያች በኩል ነበር» ብለው አሁን ግንብ የቆመበትን አንድ አፋፍ በጣታቸው አሳዩን። «ዛሬ እኔ የማጠጣው ሣሩን ነው፤ ውሃው የእንግዳ ነው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከግቢው ውጭ ባለው ጎዳና ላይ በዚያው ሰዓት ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው የቧንቧ ውሃ ይጠብቁ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የጻፍነው ባለቤቶቹን ለመስደብ አይደለም። ማናቸውንም አናውቃቸውም፤ ያሳረፉንም ሰው በቸርነታቸው ነው። ሣር መከርከምም ኃጢአት አይደለም። ነገሩ ሌላ ነው። የሣሩ ማማር የግድ የመንገዱን መዘጋት ያመጣል የሚል ሕግ በተፈጥሮ ውስጥ የለም። ቤቱ ባማረበት ቦታ ቆሞ ከቤቱና ከውሃው መካከል ሰው የሚያልፍባት፣ ከብት የሚወርድባት ጠባብ መንገድ ብትቀር ከሣሩ አንዲት ቅጠል አትጎድልም ነበር። ግንቡ እስከ ውሃው የወረደው ለውበት ሳይሆን ብቻ ለመሆን ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተማዋ ደብረ ዘይት በምትባልበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በቢሾፍቱ ሐይቅ አፋፍ ላይ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ከእኛ በፊት የነበሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ከግል ባለቤትነት ወጣ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ደግሞ የአገሪቱ ውሃ በሙሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደነገገ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅም የከተማ ቦታ ለተወሰነ ዘመን በኪራይ የሚያዝ ነገር እንደ ሆነ ተጻፈ።

እነዚህን ሕጎች አንድ ላይ አስቀምጦ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ግልጥ ነው። በሐይቅ ዳር ቤት የሠራ ሰው የያዘው ቦታውን ነው፤ ያውም ለዘመን። ውሃውን አልያዘም፤ ሊይዘውም አይችልም። ዳሩ ግን መንገድ የሌለው የጋራ ሀብት ቁልፉ ለአንድ ሰው የተሰጠ የማኅበር ጎተራ ነው። እህሉ የሁላችን ነው ይባላል፤ የሚበላው ቁልፍ ያዡ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የታገሉት የባለርስትነትን ወረቀት ነበር። ዛሬ ወረቀቱ የለም፤ ግንቡ ግን የወረቀቱን ሥራ ያለ ወረቀት ይሠራል።

«ይህ የቢሾፍቱ ነገር ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ቢኖር ወደ ራሳችን ክልል ወደ ጣና ይመልከት። የነገደ ወይጦ ሰዎች ኑሯቸው ከጣና ጋር የተሳሰረ ነው። ደንገል አጭደው ታንኳ ይሠራሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ቅርጫትና የእህል መያዣ ያበጃሉ። ባሕር ዳር እያደገች፣ ሐይቅ ዳሩ በሆቴልና በመናፈሻ እየተያዘ፣ ደንገሉም እየተመነጠረ ሲሄድ እነዚህ ሰዎች ከነበሩበት ዳርቻ በተደጋጋሚ እየተነሡ ወደ ኋላ ተገፍተዋል። ለጎብኚው ታንኳቸው ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ለታንኳው የሚሆነው ደንገል የሚበቅልበት ቦታ ግን ይጠብባል። ከውሃ ዳር ርቆ የሚኖር የታንኳ ሠሪ ከመሬት ርቆ ከሚኖር አራሽ በምን ይለያል?

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ቦርከና በደሴ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ በኮምቦልቻ አልፎ፣ ወደ ከሚሴ ቁልቁል ይወርዳል። ጨፋ ሜዳ ላይ ሲደርስ ይዘረጋና ረግረግ ይሆናል፤ ከዚያም ጉዞው ወደ አዋሽ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው በመስኮት የሚያየው ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ ነው። እንቅልፍ ላይ ከሆነም አያየውም። በጋ በገባ ጊዜ፣ ቆላው ደርቆ ሣር ሲጠፋ፣ የአፋሩ አርብቶ አደር ግመሉንና ከብቱን እየነዳ ወደ ጨፋ ይመጣል። የኦሮሞውም፣ የአርጎባውም፣ የአማራውም ከብት ወደዚያው ይወርዳል። ፊላ ይታጨዳል፤ ወፎች ከሩቅ አገር መጥተው ይከርማሉ። ማታ እረኞች ከየአገራቸው ያመጡትን ወሬ ይለዋወጣሉ። የሰንበቴ የእሑድ ገበያና የባቲ የሰኞ ገበያ የሚደምቁት ደጋውና ቆላው እንዲህ ስለሚገናኙ ነው።

ስሙም ቢሆን ይመሰክራል። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ውሃ ያለበት ለምለም ሜዳ ነው። በገዳ ሥርዓት ሸንጎው የሚቀመጠው እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ስለ ነበር ሸንጎውም ራሱ ጨፌ ተባለ። ዛሬም የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ ይባላል። የሰው መሰብሰቢያና የውሃ ሜዳ በአንድ ቃል መጠራታቸው በከንቱ አይደለም። አባቶች ሕግ ለማውጣት የተቀመጡት ማንም ሳይከለከል ሊመጣበት በሚችል ሣር ላይ ነበር።

የከሚሴ ሰው ዕረፍት አያውቅም የሚል ካለ ደግሞ ወሎን አያውቅም። ወዳጃ ላይ ተቀምጦ ዱዓ የሚያደርገው፣ በሦስቱ ቡና መካከል ጎረቤቱን የሚያስታርቀው፣ ከገበያ መልስ ዛፍ ሥር ጎኑን የሚያሳርፈው ሰው የሚያርፍ ሰው ነው። የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ሲያርፍ በር አይዘጋም። ሰው ሳይመጣበት የሚያርፍ ሰው በእኛ ዘንድ ታሟል ነው የሚባለው።

ታዲያ ይህ የውሃ ዳር ደኅና ነውን? አይደለም። የመጀመሪያው አደጋ ከላይ የሚመጣው ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ቢራና ብረት ይሠራባታል፤ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻም የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። ይህ ለአገር ደስታ ነው። ነገር ግን ወደ ቦርከና በሚገቡት ትንንሽ ወንዞች ላይ ጥናት ያደረጉ ተመራማሪዎች ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር የሚወርድ ክሮሚየምን የመሰለ ከባድ ብረት አግኝተዋል። ከላይ ያለው ከተማ የጣለውን ከታች ያለው ከብት ይጠጣዋል፤ የከብቱን ወተት ደግሞ ልጅ ይጠጣዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 299 ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ስለ ብክለት ቁጥጥር ተናግረዋል። ሕግ የለንም ማለት አንችልም። ሁለተኛው አደጋ ረግረጉ በቦይ እየተጠነፈፈና እየታረሰ መጥበቡ ነው። ረግረግ ሲጠብ ሣሩ ይጠባል፤ ሣሩ ሲጠብ በበጋ የሚመጣው እንግዳ ባላንጣ ይሆናል።

ይህን ቃል በቀላሉ አልጻፍነውም። በ2013 ዓ.ም. በዞናችንና በአጎራባቹ ሰሜን ሸዋ የፈሰሰውን ደም፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ከሚሴ መድረሱን ማን ይረሳል? የእነዚያ ቀኖች ምክንያት ሣርና ውሃ ብቻ ነበር አንልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ሰዎች በየዓመቱ ሊገናኙበት የሚገደዱበት የጋራ ቦታ ለዕርቅ የሚሆን ዕድል መሆኑን እናውቃለን። የአንዱ ከብት ከሌላው ከብት ጋር በአንድ ውሃ ሲጠጣ ባለቤቶቹ ባይዋደዱም መነጋገር ግድ ይሆንባቸዋል። በዚያ ቦታ ላይ ግንብ የሚያቆም ሰው የሚዘጋው ሣሩን ብቻ አይደለም።

አሁን የሚቃወሙንን እንስማ። የመጀመሪያው፣ «ጨፋ ምን አለው? ወባና ጭቃ ነው፤ አልምቶ ሎጅ ቢሠራበት አይሻልም ወይ?» ይላል። ሁለተኛው ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው ነገር ይናገራል። «የዞናችን ወጣት ሥራ አጥቶ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳዑዲ ለመግባት በረሃና ባሕር ይበላዋል። ሎጁ ሃምሳ ሰው ከቀጠረ ሃምሳ እናት ከለቅሶ ታረፈች ማለት ነው። እናንተ ስለ መንገድ ትከራከራላችሁ!» ይላል።

ለዚህ ለሁለተኛው በማክበር እንመልሳለን። ሥራ ይምጣ። ከሚሴ ላይ እንግዳ የሚያርፍበት ደኅና ቤት፣ ወፍ ለማየት የሚመጣን ሰው የሚመራ ወጣት፣ ቅቤና ማር የሚሸጥበት ሱቅ ቢኖር የሚጠላ የለም። ነገር ግን የአትክልተኛው ደመወዝ የግንቡ ዋጋ አይደለም። ግንቡ እስከ ውሃው ባይወርድም ሣሩ አትክልተኛ ይፈልጋል፤ አልጋው አንጣፊ ይፈልጋል፤ ወጥ ቤቱ ወጥ ሠሪ ይፈልጋል። ሥራውን ከመዝጋቱ ጋር ጠፍሮ፣ «ወይ ሁለቱንም ተቀበሉ ወይ ሁለቱንም ተዉ» የሚለን ሰው ነጋዴ ነው እንጂ አልሚ አይደለም። ደግሞስ ሃምሳ ሰው ቀጥሮ ሺህ ከብት ከውሃ ቢያስቀር የሒሳቡ ድምር ምን ይሆናል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አርብቶ አደር በነጻ የግጦሽ መሬት የማግኘትና ከመሬቱ ያለ መፈናቀል መብት አለው ማለቱስ ለጌጥ ነውን? ወባው ላለበት ረግረግም መድኃኒቱ የወባ ሥራ ነው፤ ሎጅ ትንኝ አይገድልም።

«የምትሉት በዓለም ላይ ያልታየ ነው» የሚል ቢኖር ደግሞ ሁለት አገር እንጥቀስለት። በጀርመን አገር የባቫሪያ ግዛት በ1946 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕገ መንግሥት መንግሥትና ማዘጋጃ ቤቶች ሕዝቡ ወደ ተራሮች፣ ወደ ሐይቆችና ወደ ወንዞች የሚሄድበትን መንገድ ክፍት እንዲያደርጉ፣ አስፈላጊም ከሆነ መንገድ እንዲያወጡ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ያ ሕግ የወጣው አገሩ በጦርነት ፈርሶ ሕዝቡ ዳቦ በሚሰለፍበት ጊዜ ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ እንበልጽግ፤ መንገዱ ኋላ ይታሰባል» ማለት አይቻልም። በስዊድን ደግሞ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሪቱ ሁሉ ከባሕርና ከሐይቅ ዳር እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ፈቃድ ቤት መሥራት ተከልክሏል። ስዊድን ባለጸጋ አገር ናት፤ የሣር ማጨጃ መኪናም አላት። ቢሆንም ውሃው ዳር ሰው እንዲያልፍ ፈቅዳለች።

እንግዲህ የምንጠይቀውን በአጭሩ እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ የከሚሴ ከተማና የዞኑ አስተዳደር በቦርከናና በጨፋ ዳር ለማንም ቦታ ከመስጠታቸው በፊት የውሃው ዳርቻ ራሱ ለማንም የማይሰጥ ሆኖ በፕላን ላይ ይሰመር። በዚያ መስመር ውስጥ ሰው ይሄድ፣ ከብት ይጠጣ፣ ልጅ ይዋኝ፤ አጥር አይቁም።

ሁለተኛ፣ በበጋ የሚመጡት የአርብቶ አደሮች የከብት መንገዶች ከሽማግሌዎች ጋር ተቆጥረው ይመዝገቡ። የመንደር ስም፣ የወራጅ ስም፣ የማጠጫ ስም ይጻፍ። ያልተጻፈ መንገድ በፕላን ላይ ባዶ መሬት ይመስላል፤ ባዶ መሬት ደግሞ ጨረታ ይወጣበታል።

ሦስተኛ፣ ከኮምቦልቻ የሚወርደው ፍሳሽ ሳይጣራ እንዳይለቀቅ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ይፈጸም፤ የውሃው ምርመራ ውጤትም ውሃውን ለሚጠጣው ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ በገበያ ቀን ይነገር።

አራተኛ፣ በከሚሴ የሕዝብ ማረፊያ ይሠራ። ዛፍ፣ መቀመጫ፣ ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤት ይበቃዋል። ማሽላ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ፣ ከገበያ የምትመለስ እናት፣ ከሥራ የወጣ ሠራተኛ ሳይከፍል የሚቀመጥበት ይሁን። ዕረፍት መብት ነው ካልን መብቱ የሚቀመጥበት ቦታ ይኑረው።

የመጨረሻው ቃላችን ለራሳችን ለተማሪዎች ነው። ነገ ፕላን የሚነድፈው መሐንዲስ፣ ቦታ የሚለካው ቀያሽ፣ የሊዝ ውል የሚያረቅቀው የሕግ ሰው፣ የውሃ ናሙና የሚመረምረው ኬሚስት ከዚሁ መኝታ ቤት የሚወጣ ነው። ደመወዛችንም ከፍ ሲል ሐይቅ ዳር ቤት መመኘታችን አይቀርም፤ ምኞቱን አንነቅፍም። ነገር ግን ያን ጊዜ ከግንቡ ውስጥ ሆነን ስለ ግንቡ መናገር ይከብደናል። ዛሬ ገና ከውጭ ነን፤ ዛሬ ገና ምላሳችን ነጻ ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል እንዳሉ፣ የጨፋ ዳር ገና ሳይታጠር መስመሩን እናስምር። የከሚሴ፣ የባቲ፣ የሰንበቴና የጨፋ ሮቢት ልጆች ሁሉ በሚመጣው የዕረፍት ወር ወደየቤታችሁ ስትወርዱ የሰፈራችሁን የከብት መውረጃና የውሃ መንገድ ከአባቶቻችሁ ጠይቃችሁ ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ተመለሱ። ለአስተዳደሩ የምናቀርበው የመጀመሪያው መዝገብ ያ ይሆናል።